ዓይን የሌለው በረዶ

ጋሼ ካረፉ ባለፈው ጥቅምት ዓመት ሞላቸው። አገር ቤት ቢሆን ሙት ዓመታቸው ይወጣ ነበር። ድፎ ይደፋል፣ ካህናት ይጠራሉ፣ ሰፈሩ ይበላል። እኛ ያለነው ግን ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው፤ እሳቸውም ሐበሻ አልነበሩም። ስለዚህ ትናንት ሌሊት ወጥተን ሜዳውን ውሃ አጠጣን።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

ካናዳ የገባነው በ2017 ታኅሣሥ ላይ ነው። ልጄ ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። ኤፕሪል 6 ቀን 2018 ዓርብ ነበር፤ ለእኛ ስቅለት። ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ውዬ ማታ ጉልበቴ እየተብረከረከ ቤቴ ገባሁ። ዜና የሚባል አልሰማሁም። ቅዳሜ ስለ ዶሮው ስሯሯጥ ዋልኩ። እሑድ ፋሲካ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የጎረቤታችን በር ላይ የሆኪ ዱላ ተደግፎ ቆሟል። የበረንዳው መብራት በጠራራ ፀሐይ በርቷል። ቀጥሎ ያለው ቤትም እንደዚያው። አውቶቡስ መጠበቂያው እስክደርስ ዘጠኝ ዱላ ቆጠርኩ። ሌባ ሳይፈሩ፣ ሁሉም ከደጃፉ አቁሞታል።

የምሠራው አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። እንደደረስኩ አንዷን ባልደረባዬን ጠየቅኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሀምቦልት ብሮንኮስ የሚባል የወጣቶች ሆኪ ቡድን ነው አለችኝ። ሆኪ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ሀምቦልት ሳስካችዋን በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ልጆቹ ለጨዋታ ወደ ኒፓዊን በአውቶቡስ ሲሄዱ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና የቁም ምልክቱን አልፎ ፊታቸው ገባ። አውቶቡሱ ውስጥ 29 ሰዎች ነበሩ። ያን ሰኞ የሞቱት 15 ነበሩ። ረቡዕ ዕለት የቡድኑ ወጌሻ፣ ወጣት ሴት፣ ሆስፒታል አርፋ 16 ሆኑ። የተረፉት 13 ናቸው። ከሞቱት መሃል ከኛው ከኤድመንተንና አጠገባችን ካለችው ከሴንት አልበርት የሄዱ ልጆችም ነበሩባቸው።

ዱላውስ? አልኳት። ልጆቹ ባሉበት ምናልባት ቢያስፈልጋቸው ብለው ነው አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በማላውቃቸው ልጆች፣ በማላውቀው ጨዋታ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ አገሩ ሁሉ ማሊያ ለብሶ እንዲወጣ ተባለ። እኛ ቤት የሆኪ ማሊያ የለም። ያለው ለልጄ አክስቱ ከአዲስ አበባ የላከችለት የዋልያዎቹ ማሊያ ብቻ ነው። አረንጓዴና ቢጫው እንዳጋጣሚ የብሮንኮስም ቀለም ነው። እሱን አልብሼ ሕፃናት መዋያው ወሰድኩት። በሩ ላይ የተቀበለችን አስተማሪ ልጄን አቅፋ ብዙ ቆየች።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ዓመት የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ አደጋ በኋላ ክፍለ ሀገራችን አልበርታ ሕጉን ቀይራ ነበር። ከማርች 2019 ጀምሮ ትልቁን ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 113 ሰዓት መሠልጠን ነበረበት። ብዙ ሰው በወጪው ያማርር ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳን ሲያማርር አልሰማሁትም። አሁንም ገጠር መንገድ ላይ፣ ግራ ቀኙ ኪሎሜትር ሙሉ ባዶ ሆኖ እየታየ፣ የቁም ምልክት ካለ ጎማው ጭጭ እስኪል ይቆማል። አጠገቡ ስቀመጥ አያለሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል ጠይቄው አላውቅም።

ጋሼን ያወቅኩት በ2019 ጃንዋሪ ነው። ከማታ ፈረቃ ወጥቼ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በሰፈሩ ማኅበር አዳራሽ በኩል ሳልፍ አንድ ሽማግሌ የውሃ ጎማ ይዘው መሬት ያጠጣሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ነው። ጢማቸው በረዶ ሠርቷል። ደንግጬ ቆምኩ። የታመሙ ሰው መሰሉኝ፤ በሥራዬ ሌሊት ተነስተው የሚወጡ አረጋውያንን አውቃለሁ። ተጠግቼ "ደህና ነዎት? ቤትዎ የት ነው?" አልኳቸው።

"ቤቴ እዚያ ነው፤ ደህና ነኝ። ግን ጎማውን እያለፍሽ ስለሆነ እንዳትረግጪው" አሉኝ።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ማኅበር አለ እዚህ። የመጀመሪያው የተቋቋመው በ1917 ነው ይባላል፤ ዛሬ ከ150 በላይ ናቸው። አዳራሽ አላቸው፣ ብዙዎቹ ደጃፋቸው ላይ የበረዶ ሜዳ አላቸው። ሜዳውን የሚሠራው ደመወዝተኛ አይደለም። የሰፈሩ ሰው ነው፣ በነፃ፣ በሌሊት። የኛን ሰፈር ሜዳ ጋሼ ከሃያ ዓመት በላይ ብቻቸውን ማለት ይቻላል ሠርተውታል።

በረዶ አሠራር እንደ እንጀራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ የወረደውን በረዶ በእግር ረግጠሽ ታጠብቂዋለሽ። ከዚያ ውሃውን በስሱ ትረጪያለሽ። ትጠብቂያለሽ። ደግመሽ በስሱ። ደግመሽ። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቸኩለሽ አንዴ ብዙ ካፈሰስሽ ላዩ ይጋገራል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ሰርጎ ይሄድና ባዶ ይቀራል። ልጅ ሲረግጠው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። የመጨረሻው ንብብር ሙቅ ውሃ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙቁ የድሮውን ትንሽ አቅልጦ ይያያዛል፤ አየርም ስለሚያንሰው ለስላሳ ይሆናል። ጋሼ ሥራቸውን ሲጨርሱ ባትሪ ይዘው በሆዳቸው ይተኛሉ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ብርድ። ብርሃኑን ከጎን እያበሩ በበረዶው ውስጥ የአየር አረፋ ይፈልጋሉ።

አንድ ቀን "ይሄ እንጀራ ላይ ቢሆን ዓይን ይባላል፤ ሲበዛ ነው የምንወደው" አልኳቸው። በጣም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ሜዳውን መርምረው ሲነሱ "ዓይን የለውም" ይሉኝ ነበር፣ በአማርኛ። "ዓይን" የምትለውን ቃል እንደኛው አስተካክለው ነበር የሚሏት።

ጋሼ ያላቸው ልጄ ነው። ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም ብዬ ነው ያሳደግኩት፤ እዚህ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ የሰባ ዓመት ሽማግሌን በስሙ ይጠራል። ያ ሆዴን ያመኛል እስከ ዛሬ። ልጄ "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ሲጠራቸው የሰሙ ልጆች ስማቸው መሰላቸው። በሁለተኛው ዊንተር ሜዳው ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ጋሼ ይላቸው ጀመር። ወላጆቹም ቀጠሉ። ትርጉሙን ጠየቁኝ። ለታላቅ ወንድም፣ ለአጎት፣ ለሚከበር ሰው የሚባል ነው፤ ክብሩም ፍቅሩም አንድ ላይ ነው አልኳቸው። በነጋታው ጋሼ ፔርሙዛቸው ላይ ዱላ የሚጠቀለልበትን ነጭ ፕላስተር ለጥፈው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ጋሼ ብለው ጽፈውበት መጡ።

ልጄ ሆኪ ካልተጫወትኩ ሲል ያስፈራኝ ዋጋው ነበር። ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የደረቱ፣ የቅልጥሙ፣ የአንገቱ መከላከያ፣ ጓንቱ፣ ዱላው። ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። እማዬ በስልክ "ልጁን በረዶ ላይ? ምነው ልጄ፣ መሬት ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። ጋሼ ስፖርት ሴንትራል ወደሚባል ድርጅት ላኩን። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ያገለገለ የስፖርት ዕቃ አድሶ ለልጆች በነፃ ይሰጣል። ከራስ እስከ እግሩ አለበሱት። ጫማውን አጥብቆ የሚያስርለት ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። እኔ አላውቅ፣ አባቱ መንገድ ላይ። ጋሼ በአዳራሹ ማሞቂያ ክፍል፣ በጎማው ወለል ላይ ተንበርክከው የልጄን ክር ሲያጠብቁ አሁንም ይታየኛል። ከጣት ጀምረው ወደ ላይ፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ። "ጠበቀብህ?" "አልጠበቀም ጋሼ።" "ጥሩ፤ እንግዲያው አንድ ጊዜ እንጨምራለን።"

ልጄ በረኛ ነው። በረኛ እንዲሆን ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ቀን ከልምምድ መጥቶ "እኔን የሚመስል ተጫዋች የለም" አለ። ማን ምን እንዳለው አልነገረኝም። ለጋሼ ነገርኳቸው። በማግስቱ ማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ግራንት ፉህር አወሩት። ጥቁር ነው። የተወለደው እዚሁ አጠገባችን፣ ስፕሩስ ግሮቭ ነው፤ ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት። ከከተማችን ቡድን ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር አምስት ጊዜ ስታንሊ ካፕ የሚባለውን ትልቁን የሆኪ ዋንጫ የወሰደ በረኛ። በ2003 የሆኪ የዝና አዳራሽ ሲገባ ከጥቁር ተጫዋቾች የመጀመሪያው። ማሊያው፣ 31 ቁጥር፣ ከእሱ ወዲያ በኦይለርስ አይለበስም፤ ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ስለ ሁሉም ዝርዝር አወሩት፤ ቀኝ እጁ እንዴት እንደሚፈጥን፣ ተሸንፎ እንኳን እንዴት ተረጋግቶ እንደሚወጣ። ልጄ ቤት ሲመጣ "እማ፣ እኔ በር ላይ ነው የምቆመው" አለኝ። ዛሬም ቁጥሩ 31 ነው።

ኮቪድ የገባ ጊዜ፣ በ2020 ዲሴምበር፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሜዳዎች ተዘጉ። ጨዋታ ቆመ። የውጪው ሜዳ ብቻ ቀረ። ያን ዊንተር ጋሼ በሌሊት ሁለት ጊዜ ውሃ ያጠጡ ነበር።

ክለብ ማለት እዚህ ወላጅ ነው። ይሄንን ብዙ አበሻ አያውቅም፤ ከፍለን ልጃችንን ጥለን የምንሄድበት ይመስለናል። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዷ ማሊያ ታጥባለች፣ አንዱ ጠርሙስና ቆርቆሮ ይሰበስባል። ካዚኖም አለ። በአልበርታ ሕግ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በየተወሰነ ዓመቱ ሁለት ቀን ተራ ይደርሳቸዋል። አባላቱ በነፃ ይሠራሉ፣ ማኅበሩ ከገቢው ድርሻ ያገኛል። ተራችን ሲደርስ በጣም ከበደኝ። ቁማር ቤት ገብቼ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ነው የሄድኩት። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገንዘብ ስቆጥር አደርኩ፣ ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው። ስንጨርስ በመኪናቸው ቤቴ አደረሱኝ። በሬን ከፍቼ እስክገባ ሞተሩን አላንቀሳቀሱም።

ጋሼ በ2024 ኦክቶበር አረፉ። ልባቸው ነው፤ በእንቅልፋቸው። የመጀመሪያው በረዶ ገና አልወረደም ነበር። ልጄ የሰማ ቀን እራት አልበላም። "ማነው ውሃ የሚያጠጣው?" አለኝ፣ ደጋግሞ። ልጅ የሚያዝነው በዚያ በኩል ነው።

እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ልደርስ ስዘጋጅ፣ ለቅሶ የለም ተባለ። አስከሬን ተቃጥሏል። ቅዳሜ በአዳራሹ ሕይወታቸውን የምናስታውስበት ዝግጅት አለ አሉ። ምን ይዤ ልሂድ? እድር ቢሆን የታወቀ ነው። ስንዴና ሽንብራ ንፍሮ ቀቀልኩ። በትልቅ ሰሃን ይዤ ገባሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሳንድዊች አለ፣ ኬክ አለ። የጋሼ ፎቶ ግድግዳው ላይ እየተቀያየረ ይታያል። ሰው ተራ በተራ እየወጣ ያወራል፣ ሌላው ይስቃል። ደረቴ ተቃጠለ። የሚያለቅስ የለም። ሃያ ዓመት ሌሊት ለሌሊት የደከመ ሰው በሳቅ ይሸኛል? እውነቱን ልናገር፣ ተቀየምኳቸው። ንፍሮዬን ጥግ ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል አንዲት በጣም ያረጁ ሴት በተሽከርካሪ ወንበር ሰሃኑ ጋ ቀረቡ። የጋሼ ታላቅ እህት ናቸው። አያቶቻቸው ከዩክሬን የመጡ መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ ኤድመንተን ዩክሬናዊ የሞላባት ናት። ሴትየዋ በጣታቸው ጥቂት ስንዴ ቆንጥረው አፋቸው ከተቱ። አላመጡ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ኮሊቮ" አሉ። "ማር የለውም እንጂ ኮሊቮ ነው። አያቴ ለሙት የምትሠራው። ይሄን ከቀመስኩ ሃምሳ ዓመት አለፈኝ። ማን ነገረሽ?"

ማንም አልነገረኝም አልኳቸው። እኛም ለሙት ስንዴ እንቀቅላለን። እጄን ያዙኝና አለቀሱ። ያኔ እኔም ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። የጋሼ ባለቤት መጡ፣ ልጆቻቸው መጡ፣ ሰው ሁሉ ከሰሃኑ እየቆነጠረ ቀመሰ። አንድ ፍሬ አልተረፈም። ቅያሜዬም እዚያው ቀረ። ይስቁ የነበሩት ስላልወደዷቸው አይደለም፤ ማልቀሻ ቦታ ስላጡ መስሎኛል።

ከዚያ የቡድኑ ልጆች ሄልሜታቸው ላይ የሚለጥፉት ምልክት እንፈልጋለን አሉ። እዚህ ልማድ ነው፤ የሞተ ሰው ስም ወይም ቁጥር ከሄልሜቱ ኋላ ይለጠፋል፣ ዓመቱን ሙሉ ይጫወቱበታል። ልጆቹ የፈለጉት "ጋሼ" ነው፣ ግን በትክክለኛው ፊደል። በኛው ፊደል ማለታቸው ነው። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በወፍራም ማርከር ጻፍኩት። ሁለት ፊደል ብቻ ናት። አሥራ ምናምን ወረቀት አበላሸሁ። የ"ጋ" እግር ትረዝማለች፣ የ"ሼ" ቀለበት ትጠፋለች። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልጄ መጨረሻ ላይ አንዷን መረጠ፤ "ይቺ ናት፣ ጋሼን ትመስላለች" አለ። እሷ ታተመች። አሥራ አምስት ልጆች፣ ነጩም፣ ቻይናው፣ ሕንዱም፣ ጋሼ የሚል አማርኛ ጭንቅላታቸው ላይ ይዘው ዓመቱን ተጫወቱ።

ሜዳው የተከፈተ ማታ የጋሼ ባለቤት መሃል ላይ ፓኳን፣ በዱላ የምትመታዋን ጥቁር ክብ ጎማ፣ ጣሉ። አንድ ደቂቃ ዝም ተባለ። ከዚያ ልጆቹ ዱላቸውን በረዶው ላይ መምታት ጀመሩ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ሁሉም በአንድ ላይ። ማንም አልቆጠረላቸውም። እየፈጠነ ሄደ። ደረት ሲመታ የማውቀው ድምፅ ነው። ዘመዴን አገር ቤት ስንቀብራት የሰማሁት።

አሁን ተራ አውጥተናል። ሰባት ቤተሰብ ነን፣ በሳምንቱ ቀን ልክ። የኛ ረቡዕ ነው፣ ከፈረቃ ስወጣ ስለሚመቸኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ካልሆነ ጎማውን እሱ ይይዛል። ሲያልቅ ጎማውን ትከሻ ላይ እያሳለፍን ውሃውን እናፈሳለን፤ ካልፈሰሰ ውስጡ ይቆምና ይሰነጠቃል። ጎማው በሚሰቀልበት ክፍል፣ ምስማር ላይ፣ የጋሼ ደብተር ተንጠልጥሏል። ቀን፣ ቅዝቃዜ፣ ስንት ንብብር፣ ማን። "ማን" በሚለው ቦታ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ነው ያለው። ከመጨረሻው መስመራቸው ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ለመጻፍ ሁላችንም ፈርተን ነበር። የመጀመሪያው ሰው አንድ መስመር ዘለለ። ያቺ መስመር አሁንም ባዶ ናት፤ ማንም አይጽፍባትም።

ትናንት የዚህ ዓመት የመጀመሪያ ረቡዓችን ነበር። ከዜሮ በታች 22። ሦስት ንብብር አጠጣን። እኔ እየቸኮልኩ ነበር፣ ደክሞኝ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ሳላበዛ አልቀረሁም።

ዛሬ ጠዋት ገና ጨለማ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ልጄ ባትሪ ይዞ ወጣ። ተከትዬው ሄድኩ። ቦርሳውን እንዳዘለ በሆዱ ተኛ። ብርሃኑን ከጎን እያበራ በክርኑ ቀስ እያለ ተሳበ፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ መሃል። ሱሪው ነጭ ሆነ። ተነስቶ በጓንቱ አራገፈ።

"አራት ዓይን አለው" አለኝ። "በበረኛው በኩል።"

"ትልልቅ ናቸው?"

"አንዷ ትልቅ ናት። ለሐሙሶቹ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ በስሱ ይድገሙት።"